ጨጓራ ሥጋን የሚፈጭ ከሆነ ራሱን ለምን አይፈጭም?

የማታ አንባቢ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች። የ11 ዓመት ልጄ ስለ ሥርዓተ ልመት ስታጠና ያነሣችብኝን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ከቆየሁ በኋላ፣ ብቻዬን የማልዘልቀው መሆኑን ስለተረዳሁ ወደ እናንተ ይዤው መጥቻለሁ። ጨጓራ ሥጋን የሚያሟሟ አሲድና ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ጨጓራ ራሱ ደግሞ ሥጋ ነው፤ ታዲያ ራሱን የማይፈጨው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የመለስሁላት በመማሪያ መጽሐፏ ያለውን ነው። የጨጓራ ውስጠኛ ገጽ ሙከስ በሚባል ዝልግልግ ነገር ስለተሸፈነ አሲዱ ሥጋውን አያገኘውም አልኋት። እርሷም ሙከሱ ከምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ፤ አብረን ስናነብም ጥንካሬውን የሚሰጠው ፕሮቲን መሆኑን አገኘን። «እንግዲያው ሙከሱንስ ለምን አይፈጨውም?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ቀጥላም የእንስሳ ጨጓራ ስንበላ የእኛ ጨጓራ ያለ ችግር እንደሚፈጨው አስታወሰችኝ። ይህ ከሆነ የጨጓራ ሥጋ በባሕርይው አሲድን የሚቋቋም የተለየ ነገር አይደለም ማለት ነው። በሕይወት ያለው ጨጓራ ያለው፣ የተበላው ጨጓራ ግን ያጣው ነገር ምንድን ነው? የምታውቁ ሰዎች ብታብራሩልኝ በሚገባት መልክ ልነግራት እሞክራለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህር

ልጅዎ የደረሰችበት ነጥብ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ሳይነኩት የሚያልፉት ነው። የጨጓራ ሥጋ በተሠራበት ነገር ከሌላው ሥጋ አይለይም። የሚለየው ያለማቋረጥ በሚሠራው ሥራ ነው፤ ሥራው ከቆመ ጥበቃውም አብሮ ይቆማል።

በቅድሚያ የአደጋውን መጠን እንይ። አዋቂ ሰው በቀን 2 ሊትር ያህል የጨጓራ ጭማቂ ያመነጫል። የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች በደም ውስጥ 7.4 ገደማ ሲሆን፣ በጨጓራ ውስጥ ግን እስከ 1.5 ድረስ ይወርዳል። ልኬቱ በአንድ ሲቀንስ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይጠጋል። አሲዱ በዋናነት ሥጋውን በልቶ የሚጨርስ ሳይሆን እንደ ክር ኳስ የተጠቀለሉትን የምግብ ፕሮቲኖች የሚተረትር ነው፤ የተተረተረውን ክር የሚቆራርጠው ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ነው።

ፔፕሲን ግን ከሕዋሱ ሲወጣ ፔፕሲን ሆኖ አይወጣም። የሚመነጨው ፔፕሲኖጅን በሚባል፣ አፉ በተለጎመ መልክ ነው። ልጓሙ የራሱ የፕሮቲኑ ቁራጭ ሲሆን፣ የሚቆርጠውን ስፍራ ሸፍኖ ይይዛል። አሲድ ወዳለበት ጉድጓድ ሲደርስ ያ ቁራጭ ይፈታና ተቆርጦ ይወድቃል፤ ኢንዛይሙም ሥራውን ይጀምራል። ስለዚህ የሚያመነጨው ሕዋስ ውስጥ ሳለ ማንንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ሙከሱ ልምጣ። ሙከሱ ብቻውን ግድግዳ ነው ብሎ ማስተማር ጎደሎ ትምህርት ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው፤ አሲድም በጊዜ ብዛት ሊያልፈው ይችላል። ዋናው ነገር ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት ባይካርቦኔት የተባለውን፣ አሲድን የሚያረክስ (ኃይሉን የሚያጠፋ) ነገር ወደ ሙከሱ ውስጥ መልቀቃቸው ነው። ሙከሱ ይህን ባይካርቦኔት እንዳይታጠብ አስሮ ይይዘዋል። ከላይ የሚገባው አሲድና ከታች የሚወጣው ባይካርቦኔት በሙከሱ ውስጥ ይገናኙና እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ከሙከሱ ላይ ፒኤቹ 2 ሆኖ ሳለ፣ ከሙከሱ ሥር ሕዋሱን በሚነካው ስፍራ ወደ 7 ይጠጋል። ፔፕሲንም አሲድ በሌለበት ስለማይሠራ፣ እስከዚያ ቢደርስ እንኳ ኃይሉን ያጣል።

ባይካርቦኔቱ ከየት እንደሚመጣ ስረዳ የተሰማኝን መደነቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አሲድ የሚያመነጨው ሕዋስ አንድ የአሲድ ቅንጣት ወደ ጨጓራው ሲያወጣ፣ በጀርባው በኩል አንድ የባይካርቦኔት ቅንጣት ወደ ደም ይለቃል። በዚያ የሚያልፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ደግሞ ከጥልቁ ተነሥተው ወደ ላይ፣ ገጽታውን ወደሚጠብቁት ሕዋሳት ያመራሉ። እንግዲህ አሲዱ በበዛ ቁጥር ለመከላከያው የሚቀርበው ባይካርቦኔትም አብሮ ይበዛል።

ሙከሱ አይፈጭም ወይ ለሚለው የልጅዎ ጥያቄ መልሱ «ይፈጫል» ነው። ፔፕሲን የሙከሱን ላይኛ ገጽ ያለማቋረጥ ይበላዋል፤ ሕዋሳቱም ከሥር ሌላ ያመነጫሉ። የተበላውና የተተካው እኩል እስከሆኑ ድረስ ውፍረቱ ባለበት ይቆያል። ሕዋሳቱ ራሳቸውም ከ3 እስከ 6 ባሉት ቀናት ውስጥ ረግፈው በአዲስ ይተካሉ።

የታሪክ ወዳጅ

ለመምህሩ ማብራሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ስለሆነ፣ ሰዎች እንዴት ወደ መልሱ እንደተጠጉ ማወቁ ለልጅዎም የሚጠቅም ይመስለኛል።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገና ያልተፈታው ጥያቄ ጨጓራ ምግብን የሚፈጨው እንደ ወፍጮ በመጨፍለቅ ነው ወይስ በፈሳሽ በማሟሟት የሚለው ነበር። ፈረንሳዊው ሬኦሚር እ.ኤ.አ. በ1752 ሁለት ጫፉ በወንፊት የተዘጋ የብረት ቱቦ ውስጥ ሥጋ አስገብቶ፣ የማይፈጨውን ነገር መልሶ የመትፋት ልማድ ላለው አዳኝ ወፍ አዋጠው። ወፉ ቱቦውን ሲተፋው ብረቱ ሳይጨፈለቅ ሥጋው በከፊል ሟሙቶ ተገኘ። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ ከእርሱ ቀጥሎ ምግብ የያዙ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶችን ራሱ እየዋጠ ፈተነ። ፈሳሹ የሚያሟሟ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የልጅዎ ጥያቄ በሙሉ ክብደቱ የመጣው፤ ሥጋን የሚያሟሟ ፈሳሽ በሥጋ ዕቃ ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1772 ባወጣው ጽሑፍ ከምግብ በኋላ በድንገት የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምር፣ ጨጓራቸው ሟሙቶ የተበሳባቸውን ማግኘቱን ገለጸ። ጨጓራ ከሞት በኋላ ራሱን እንደሚፈጭ የተረዳው ከዚህ ነው። ሃንተር የደረሰበት መደምደሚያ ሕያው የሆነ ነገር «የሕይወት ኃይል» ስላለው አይፈጭም የሚል ነበር። መልሱ ውብ ቢሆንም ስሕተት ነበረበት። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ ወደ ውሻ ጨጓራ በተከፈተ ቀዳዳ በሕይወት ያለችን እንቁራሪት የኋላ እግሮች አስገብቶ ሲመለከት፣ እንቁራሪቷ በሕይወት እያለች እግሮቿ መፈጨት ጀመሩ። ሙከራው ዛሬ ላይ ሆነን ስናስበው ልብ የሚያሳዝን ነው። ነገር ግን ሕያው መሆን ብቻውን ከመፈጨት እንደማያድን አሳይቷል። የእንቁራሪቷ እግር ሕያው ነው፤ ጨጓራ የሚሠራውን ሥራ ግን አይሠራም።

በመካከሉ የአሌክሲስ ሴንት ማርቲንን ታሪክ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት በድንገት በተተኮሰ ጥይት ሆዱ ተበስቶ፣ ቁስሉ ሲድን ጨጓራው ከሰውነቱ ጎን ጋር ተጣብቆ ክፍት ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ያከመው የጦር ሠራዊት ሐኪም ዊሊያም ቦሞንት ምግብ በሐር ክር አስሮ በቀዳዳው እያስገባና እያወጣ፣ ከጨጓራውም ጭማቂ እየቀዳ ለዓመታት አጠና፤ ውጤቱንም በ1833 በመጽሐፍ አሳተመ። ጭማቂው ከሰውነት ውጭ በብርጭቆ ውስጥ በሰውነት ሙቀት ልክ ሲቀመጥ ሥጋን ማሟሟቱን አሳይቷል። ሴንት ማርቲን ያን ቀዳዳ ይዞ እስከ 1880 ድረስ ኖረ። በእርሱ ሰውነት ላይ የተደረገው ምርምር ፈቃዱን ምን ያህል ያከበረ ነበር የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሣል፤ ለእኔም ከግኝቱ እኩል መነሣት ያለበት ይመስለኛል።

አሲዱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን ዊሊያም ፕራውት በ1824 ያረጋገጠ ሲሆን፣ ፔፕሲንን ያገኘውና ስም ያወጣለት ደግሞ ቴዎዶር ሽዋን ነው፤ ይህም በ1836 ነበር።

ነርስ ብርሃን

በሥራዬ የማገኘው የዚህን ጉዳይ ሌላ ገጽታ ነው፤ እኔ የማያቸው ጥበቃው የተሸነፈባቸውን ሰዎች ነው። ከዓመታት በፊት የጉልበት ሕመም ያለባቸው አንድ አዛውንት ለሕመሙ ማስታገሻ የሚሆን ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲወስዱ ቆይተው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ሲነሡ እያዞራቸው መጡ። ጨጓራቸው አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም ነበር። ሰገራን ያጠቆረው ከጨጓራ ቁስል እየፈሰሰ በአንጀት ውስጥ የተለወጠ ደም ነው። ደግነቱ ታክመው ድነዋል።

ምክንያቱ ከመምህሩ ማብራሪያ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የጨጓራ ሕዋሳት ሙከስና ባይካርቦኔት እንዲያመነጩ፣ ደምም በበቂ መጠን እንዲዘዋወር የሚያደርገው ፕሮስታግላንዲን የተባለ በዚያው በሰውነት የሚሠራ ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ንጥረ ነገር በሌላ የሰውነት ክፍል ሕመምንና እብጠትን ያባብሳል። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመምን የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በማገድ ነው፤ ይህንን በአስፕሪን ላይ በ1971 ያሳየው ጆን ቬን ሲሆን፣ በ1982 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። መድኃኒቱ የጉልበቱን ከጨጓራው ለይቶ ስለማያግድ፣ ጉልበቱ ሲታገሥለት የጨጓራው ጋሻ ይሳሳል። ብዙ ሰዎች «ከምግብ ጋር ከወሰድሁት አይጎዳኝም» ይላሉ። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ምግብ መብላት የቁስለትን አደጋ አያስቀርም፤ በመርፌ የሚሰጠውም ቢሆን ጨጓራን ሊያቆስል ይችላል። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ወይም ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት የነበረባቸው ሰዎች እነዚህን ኪኒኖች ለረጅም ጊዜ ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ያየ ሰው ደግሞ ለነገ ሳይል በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

አዲስ ገቢ

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ። ሆኖም የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ቅመም ከበዛበት ምግብ ነው ሲባል ነው የሰማሁት፤ ከነርሷ ገለጻ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ አልገባኝም። ሌላው ደግሞ ሰው ሲርበው ሆዱ የሚያጉረመርመው ጨጓራው ባዶ ሆኖ ራሱን መብላት ስለሚጀምር ነው ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ ጨጓራ ራሱን አይፈጭም ከሚለው ጋር ይጋጫል።

ነርስ ብርሃን

ሁለቱም በሰፊው የሚነገሩ ናቸው፤ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል።

ስለ ቁስለት የሰሙት ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ያመኑበት ነበር። በአሲድ በተሞላ ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ መኖር አይችልም ይባል ስለነበር ተሕዋስያንን የጠረጠረ ጥቂት ሰው ነበር። በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በጨጓራ ናሙናዎች ላይ የሚያዩትን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ለማራባት ደጋግመው ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። የተሳካላቸው በ1982 የፋሲካ በዓል ሲሆን፣ ናሙናዎቹ በበዓሉ ምክንያት ሳይነሡ ከተለመደው ጊዜ በላይ በመቆየታቸው ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ኤች ፓይሎሪ እያልን የምንጠራው ነው። ዩሪያን ወደ አሞንያ የሚለውጥ ኢንዛይም ስላለው በዙሪያው ያለውን አሲድ እያረከሰ ሙከሱ ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ በዚያ የሚያስነሣው ብግነት ደግሞ ጋሻውን ያዳክመዋል። ባክቴሪያውን የተሸከሙ አብዛኞቹ ሰዎች ቁስለት አይዙም። የያዛቸው ግን በሐኪም በሚታዘዙ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችና አሲድን በሚቀንስ መድኃኒት ይድናሉ። ቅመምና ጭንቀት ቀድሞ ያለውን ሕመም ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ዋነኞቹ የቁስለት መንሥኤዎች ግን ይህ ባክቴሪያና ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው ማስታገሻዎች ናቸው።

ስለ ማጉረምረሙ ደግሞ፣ ድምፁ የመብላት ሳይሆን የመጥረግ ድምፅ ነው። ከምግብ ርቀን ስንቆይ በየ90 እስከ 120 ደቂቃ ከጨጓራ የሚነሣ የጡንቻ ማዕበል እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ይጓዛል። ሥራው የተረፈውን ፍርፋሪ፣ ሙከስና ባክቴሪያ እየገፋ ማጽዳት ሲሆን፣ ድምፁ የሚሰማው ፈሳሽና አየር በባዶው ቱቦ ውስጥ አብረው ሲገፉ ነው። ምግብ እንደገባ ማዕበሉ ይቆማል።

የማታ አንባቢ (ጥያቄ አቅራቢ)

ለሰጣችሁኝ ጊዜ እጅግ አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለልጄ አነበብሁላት፤ የእንቁራሪቷ ነገር አሳዝኗታል። ካዳመጠች በኋላ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው፣ ጨጓራ ይህን ያህል ጋሻ ካለው አሲዱ ወደ ላይ ሲመለስ ደረት የሚያቃጥለው ለምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ከጨጓራ ወጥቶ ወደ አንጀት የሚያልፈው አሲድስ አንጀትን ለምን አያቆስልም? የአንጀት ኢንዛይሞች ከጨጓራውም እንደሚበረቱ በመጽሐፏ ላይ አንብባለች።

የሥነ ሕይወት መምህር

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስ። ምግብ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቧንቧ የተሠራው ለማሳለፍ እንጂ አሲድ ለመያዝ አይደለም። በባይካርቦኔት የተሞላው የሙከስ ጋሻ በዚያ የለም። የሚጠብቀው በታች ጫፉ ያለው ቀለበታማ ጡንቻ ነው፤ እርሱ ሲላላ አሲዱ ሽቅብ ይወጣና ቃር የምንለው ስሜት ይፈጠራል። የምንውጠው ምራቅ ባይካርቦኔት ስላለው የተመለሰውን አሲድ ቀስ በቀስ ያጥበዋል። ምራቅ በእንቅልፍ ሰዓት ስለሚቀንስ፣ ሲተኙም ፈሳሹ በቀላሉ ስለሚመለስ የሌሊት ቃር የበለጠ ያስቸግራል።

ሁለተኛውን በዘርፉ ለሚሠሩት እተዋለሁ።

ቤተ ሙከራ

በኢንዛይሞች ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ከልጅቱ ጥያቄዎች ሁሉ ይህ የመጨረሻው ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም በሥርዓተ ልመት ውስጥ ትልቁ አደጋ ያለው በጨጓራ ሳይሆን ከጨጓራ ጀርባ በተጋደመው በቆሽት ውስጥ ነው።

አሲዱን በተመለከተ፣ የጨጓራ በር ምግቡን የሚያሳልፈው በጥቂት በጥቂቱ ነው። አሲዱ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሲነካ በዚያ ያሉ ሕዋሳት ሴክረቲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ፤ ደሙም መልእክቱን ወደ ቆሽት ያደርሳል፤ ቆሽትም በባይካርቦኔት የተሞላ ፈሳሽ ያፈስሳል። በቀን የሚያፈስሰው ጠቅላላ መጠን 1.5 ሊትር ያህል ነው። ይህን መልእክተኛ ያገኙት ዊሊያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ሲሆኑ፣ ጊዜውም 1902 ነው። ወደ አንድ የአንጀት ክፍል የሚሄዱትን ነርቮች በሙሉ ቆርጠው አሲድ ሲያስገቡበት ቆሽቱ እንደ ወትሮው ፈሳሹን አመነጨ፤ ስለዚህ ትእዛዙ በነርቭ ሳይሆን በደም መተላለፉ ታወቀ። ሆርሞን የሚለው ቃል ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሳይንስ የገባው ከዚሁ ሥራ ተነሥቶ ነው። ባይካርቦኔቱ አሲዱን ሲያረክሰው ፔፕሲንም በዚያው ሥራውን ያቆማል።

አሁን ወደ ኢንዛይሞቹ እንምጣ። ቆሽት ስብን፣ ስታርችንና ፕሮቲንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን በአንድነት ያዘጋጃል። ስታርችን የሚቆርጠው አሚሌዝ ከቆሽት የሚወጣው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ነው፤ ቆሽት ከስታርች አልተሠራምና አይጎዳውም። የቆሽትን ሥጋ ሊበሉ የሚችሉት ግን ፕሮቲን ቆራጮቹና የሕዋስን ሽፋን የሚያፈርሰው አንድ ኢንዛይም ሁሉም ተለጉመው ይወጣሉ። ሰውነት የትኛው እንደሚያሰጋው ለይቶ ያውቃል ማለት ይቻላል።

የእነዚህ ሁሉ ቁልፍ ትሪፕሲን ነው፤ እርሱ ከተፈታ ሌሎቹን በሙሉ እርሱ ይፈታቸዋል። ስለዚህም ጥበቃው በእርሱ ላይ ተደራርቧል። በቆሽት ሕዋስ ውስጥ ሳለ ትሪፕሲኖጅን በሚባል መልክ ተለጉሞ ይገኛል፤ ከሕዋሱ ሌላ ይዘት በሚለየው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ተዘግቷል፤ በዚያው ከረጢት ውስጥ በስሕተት የተፈታ ካለ ይዞ የሚያስቀር ሌላ ፕሮቲን አብሮት ታሽጓል። ልጓሙን የሚቆርጠው ኢንዛይም ደግሞ ፈጽሞ በቆሽት ውስጥ አይገኝም። ያለው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ነው። ሳንጃው በአንድ ቤት ተሠርቶ፣ ሰገባውን የሚያወልቀው እጅ በሌላ ቤት ይጠብቃል። ያንን ፈቺ ኢንዛይም ያገኙት በኢቫን ፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ፓቭሎቭ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በሚታወቅበት የውሾችና የደወል ሙከራ ሳይሆን በዚህ በሥርዓተ ልመት ጥናቱ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ይህ ሁሉ ጥበቃ አንዳንድ ጊዜ ይከሽፋል። የሐሞት ጠጠር የቆሽትን መውጫ ሲዘጋ ወይም አልኮል ሕዋሳቱን ሲጎዳ፣ ትሪፕሲን እዚያው ቆሽት ውስጥ ይፈታና ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ሃንስ ኪያሪ የተባለ ሐኪም ይህንን በ1896 ነበር የጠቆመው። ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ያመጣል፤ ፈጣን የሆስፒታል ሕክምናም ያስፈልገዋል። እንግዲህ የልጅቱ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሰውነት ራሱን ሲፈጭ ምን እንደሚመስል ሐኪሞች በዓይናቸው ያዩታል።

አንጀቱ ራሱ እንዴት ይድናል ለሚለው፣ የግድግዳው ሕዋሳት በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈኑ ናቸው፤ ፕሮቲን ቆራጮች በእነዚህ ሰንሰለቶች መካከል አልፈው ፕሮቲኑን ማግኘት ያስቸግራቸዋል። ሙከሱም እንዲሁ በስኳር የተሸፈነ ፕሮቲን በመሆኑ ነው ቶሎ የማይፈርሰው። ከሁሉ በላይ ግን አንጀት የሚድነው በመተካት ነው። ቀድሞ የአንጀት ውስጠኛ ስፋት የቴኒስ ሜዳ ያህላል ይባል ነበር፤ በ2014 የወጣ የስዊድን ተመራማሪዎች ልኬት ግን ወደ 30 ካሬ ሜትር አውርዶታል። ይህ ሁሉ ስፋት በሕዋስ የሚለበሰው በአንድ ድርብ ብቻ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ተገፍተው ወደ ጫፍ ይደርሱና ይረግፋሉ። የረገፉት ሕዋሳት፣ ሥራቸውን የጨረሱት ኢንዛይሞችና ሙከሱ በአብዛኛው ከምግቡ ጋር አብረው ይፈጫሉ፤ የተገኘውም ጥሬ ዕቃ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በቀን በአሥርታት ግራሞች የሚቆጠር የራሳችንን ፕሮቲን በዚህ መንገድ እንበላለን። ስለዚህ ለልጅዎ «አዎን፣ በየቀኑ ራሱን ይፈጫል፤ የፈጨውን ያህል ግን በየቀኑ ይሠራል» ብለው ቢነግሯት እውነቱን ነግረዋታል።

አዲስ ገቢ

እጅግ አመሰግናለሁ። ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ወስፋት በአንጀት ውስጥ በሕይወት ይኖራል፤ እርሱም ሥጋ ነው። እርሱን ኢንዛይሞቹ ለምን አይፈጩትም?

ቤተ ሙከራ

ወስፋት ጠንካራ ቆዳ አለው፤ ከዚያም በላይ ፔፕሲንንና ትሪፕሲንን ይዘው ሥራ የሚያስቆሙ የራሱ ፕሮቲኖች አሉት። ዓላማቸው ቆሽታችን በትንሹ ከረጢት ውስጥ ከሚያሽገው ተከላካይ ጋር አንድ ነው፤ የእኛ ሰውነት ራሱን ከራሱ ለመጠበቅ የሠራውን ዓይነት መሣሪያ ትሉ ራሱን ከእኛ ለመጠበቅ ሠርቶታል። ኮሶ ደግሞ ከዚህም አልፎ የራሱ የሆነ አፍም አንጀትም የለውም፤ እኛ ፈጭተን ያዘጋጀነውን በቆዳው በኩል ይመጥጣል፤ ያው ቆዳው ኢንዛይሞቻችንን ይከላከልለታል። ሁለቱም ጥበቃቸው የሚጸናው በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው። የሞተ ትል ተከላካዮቹን መተካት ስለማይችል እንደ ማንኛውም ሥጋ መፈጨት ይጀምራል፤ ሃንተር በአስከሬኖቹ ጨጓራ ላይ ያየውም ይህንኑ ነበር።